ሚስቱን ራሱ የቀማው ሰውዬ

ዛሬ እሁድ ከአልጋ ወረድኩ ማለት አይቻልም፣ እማዬ ሶስቴ ለቡና ጠርታኝ "መጣሁ መጣሁ" እያልኩ ዳርክ ማተርን ጨረስኩት። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ የብሌክ ክራውች ልብወለድ ነው። ሳይንስ ፊክሽን አይመቸኝም የምትሉ፣ ይሄ እኮ ዋናው ነገሩ ፍቅር ነው! ጄሰን የሚባል ቺካጎ የሚኖር የፊዚክስ መምህር አለ፣ ድሮ ትልቅ ምርምሩን ትቶ ዳንኤላን ያገባ፣ እና ሌላ ዓለም ላይ እሷን ትቶ ምርምሩን የመረጠው ጄሰን ከዓለም ዓለም የሚያሻግር ሳጥን ሰርቶ ይመጣና የኛውን ጄሰን ወደዛኛው ዓለም ልኮ ኑሮውን ይነጥቀዋል (ስፖይለር ነው፣ አፉ በሉኝ 😅)። አስቡት፣ በማን ይቀናል? በራሱ?

እኔን የገደለኝ ግን የኛው ጄሰን እዛኛው ዓለም ላይ ዳንኤላን ሲያገኛት ነው፣ ያው ፊት ያው ድምፅ፣ ስሟ የታወቀ ሰዓሊ ሆናለች፣ ልጃቸው ግን ጭራሽ አልተወለደም። እሱ አብረው የኖሩትን ሁሉ ያስታውሳል እሷ ምንም።

ደግሞ የብዙ ዓለማት ሀሳቡ ከመሬት ተነስቶ የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ ሂዩ ኤቨረት የሚባል የፕሪንስተን ተማሪ በ1957 በፒኤችዲው ያቀረበው ነው፣ በኳንተም ደረጃ (እንደ አቶም ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ደረጃ) ሊሆን የሚችለው ሁሉ የየራሱ ዓለም ላይ ይሆናል ብሎ። ያኔ ብዙም የሰማው የለም፣ እሱም ፊዚክሱን ትቶ ፔንታጎን ስራ ገባ። በሱ ሂሳብ ግን ዓለማቱ አይገናኙም፣ በር ከፍቶ ወዲያ ማዶ ኤክስን ፍለጋ መሄድ የደራሲዎች ጣጣ ነው።

እንደዚህ አይነት ሌላ መፅሀፍ የምታውቁ ኮመንት ላይ ወርውሩልኝ፣ የሚያስለቅስ ቢሆን ይመረጣል።