መጨረሻ ላይ ያለውን ፍልሚያ ዝለሉት

የዓለምን የማርሻል አርት ስልቶች የሚያሳዩ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ከመጡ ቆይተዋል። የእኔን ትውልድ የያዙት ግን በ2007 እና በ2008 የወጡት ናቸው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሂስትሪ ቻናል «ሂዩማን ዌፐን»ን አመጣ። ዲስከቨሪ በ«ፋይት ኩዌስት» ተከተለ። ቢቢሲም በዚያው ሰሞን በ«ላስት ማን ስታንዲንግ» ስፖርተኞችን ሰብስቦ ብራዚል ውስጥ ካላፓሎ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች ጋር አታገላቸው፣ ደቡብ አፍሪካ ወስዶ ደግሞ ከዙሉዎች ጋር ዱላ አማዘዛቸው። አካሄዳቸው ይመሳሰላል። አቅራቢው አንድ አገር ይሄዳል፣ መምህር ስር ይገባል፣ ላቡ ጠብ እስኪል ይለማመዳል፣ መጨረሻ ላይ ከአገሬው ሰው ጋር ይገጥማል።

እኔ የደረስኩባቸው ዘግይቼ ነው፤ ሰፈራችን ካለው ፊልም ቤት ፍላሽ ላይ አስጭኜ። የቴኳንዶ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቴኳንዶ መማር ለፈለገ ቦታ አይጠፋም። የፈረንሳዩን ሳቫት ወይም የሩሲያውን ሳምቦ የሚያስተምር ፈልጉ ብትባሉ ግን ጫማችሁን ትጨርሳላችሁ። ስለዚህ ፕሮግራሞቹን እንደ አስተማሪ ልጠቀምባቸው አሰብኩ። ማስተራችንን አስፈቅጄ፣ ከክለቡ ልጆች ፈቃደኞቹን ይዤ፣ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ አንድ ስልት እያየን ከዚያ ላይ አንድ ነገር መሞከር ጀመርን። ማስተራችን «ልጅ እንዳትሰብሩብኝ እንጂ ቀጥሉ» አሉን።

የመጀመሪያው ውሳኔ ብዙ ጭቅጭቅ አስነሳ። የመጨረሻውን ፍልሚያ አናይም አልኩ። ልጆቹ ለእሱ ብለው ነበር የተሰበሰቡት። ምክንያቴ ቀላል ነው። የ«ፋይት ኩዌስት»ዎቹ ጂሚ ስሚዝና ዳግ አንደርሰን በየአገሩ የሚሠለጥኑት አምስት ቀን ነው። በአምስት ቀን ሰው በትክክል መቆም እንኳ አይማርም። ስሚዝ ድሮውንም የኤምኤምኤ (ቡጢ፣ ርግጫና ትግል የሚቀላቀልበት ፍልሚያ) ተፋላሚ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የሚያዋጣው ይዞት የመጣው ነው። የ«ሂዩማን ዌፐን»ኑ ቢል ዳፍም የቀድሞ ፕሮፌሽናል የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው፤ ግድግዳ የሚያክል ሰው። እሱ ሰው ገፍቶ ሲጥል የስልቱን ውጤት አየሁ ማለት ይከብዳል። ተሸነፈም አሸነፈም ስለ ስልቱ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው።

የቁጥር ጨዋታውንም አለፍነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ «ፋይት ሳይንስ» ላይ አሻንጉሊት ሰው ላይ መለኪያ ገጥሞ የማን ርግጫ እንደሚበልጥ ያወዳድራል። ደስ ይላል፣ ለክርክር ይመቻል። ግን የሚመታው አንድ ሰው ነው፣ በራሱ ክብደት፣ በዚያች ቀን። ከዚያ ተነስቶ «የታይላንዱ ሙዋይ ታይ ከቴኳንዶ ይበልጣል» ማለት ዘበት ነው።

ዋናው ጉዳይ ያለው መሃል ላይ፣ ልምምዱ ውስጥ ነው። እሱን ስናይ አራት ነገር እንጠይቃለን። ምን ላይ ቆመው ነው የሚፋለሙት? ምን ለብሰዋል? ምን ተከልክሏል? የሚያሸንፈው እንዴት ነው? እነዚህን የመለሰ ሰው ስልቱ ለምን እንዲያ እንደሆነ አቅራቢው ሳይነግረው ይገባዋል።

ኪዮኩሺን ካራቴን ውሰዱ። ጓንት የለም። ፊትን በእጅ መምታት ክልክል ነው፤ በእግር ግን ጭንቅላት ይመታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ደረት ለደረት ተጠጋግተው ጎን ጎናቸውን ይደቃደቃሉ፣ ከዚያ ድንገት አንድ እግር ከየት መጣ ሳይባል ጆሮ ግንድ ላይ ያርፋል። ልጆቹ መጀመሪያ «ፊታቸውን ለምን አይከላከሉም?» ብለው ሳቁ። እኔም የኛን አስታወስኳቸው። በኦሊምፒክ ቴኳንዶ ደረት ላይ ቡጢ 1 ነጥብ፣ ርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ ርግጫ 3 ነው፤ ዞሮ ለመታ 2 ይጨመርለታል። ፊት ላይ ቡጢ ክልክል ነው። እኛም እጃችንን አውርደን የምንዘልለው ለዚያ ነው፤ ቦክሰኞቹ ሲያዩን የሚስቁብንም ለዚያው።

የፈረንሳዩ ሳቫት ጫማ ተደርጎ ነው። መርገጥ የሚቻለው ከቁርጭምጭሚት በታች ባለው እግር ብቻ ነው፤ ቅልጥምም ጉልበትም አይፈቀድም። ርቀቱ ይረዝማል፣ የጫማው አፍንጫ ዋና መሣሪያ ይሆናል። ታይላንድ ስትሄዱ ተቃራኒው ነው፤ ቅልጥም፣ ጉልበት፣ ክርን ሁሉ ይሠራል፣ አንገት መያዝም ሙያ ነው። ጁዶም እንዲሁ። ከ2010 ጀምሮ እግር መያዝን ገደቡት፣ በ2013 ሙሉ በሙሉ ከለከሉት። ከዚያ በፊት የተቀረጸ ግጥሚያና ከዚያ ወዲህ ያለውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ብታዩ ሁለት ስፖርት ይመስላሉ። የሩሲያው ስፖርት ሳምቦ እግር መቆለፍ ይፈቅዳል፣ ማነቅ ግን አይፈቅድም። የብራዚሉ ጁጂትሱ ደግሞ ማነቅ ነፍሱ ነው።

ሙከራው ላይ በጣም ያስተማረን የታይላንዶቹ አንገት አያያዝ ነው። ጥንድ የሆንኩት ከክለቡ ምርጥ ረጋጭ ጋር ነበር፤ ረጅም፣ እግሩ እንደ ጅራፍ የሚፈጥን ልጅ። ሁለት መዳፌን ማጅራቱ ላይ ደራርቤ፣ ክርኖቼን አጥብቤ፣ የክንዴን አጥንት የደረቱ ላይኛው አጥንት ላይ አሳርፌ ወደ ታች ሳብኩ። ልጁ እግሩን የሚያነሳበት ቦታ አጣ። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሊሸሽ ሲል ጭንቅላቱ ይብስ ወረደ፣ ጉልበቴ ፓዱን አገኘው። አጎንብሶ እንዳለ «ዳኛው የት ሄዶ ነው? ካልዮ በሉ እንጂ!» አለ። እኛ ጋ እንዲህ ስንጣበቅ ዳኛ ካልዮ ብሎ ይለያየናል። እዚያ ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ማስተራችን ራሳቸው ሲጠጉ ምን እንደሚደረግ ማሠራት ጀመሩ።

የፊሊፒንሱ ኤስክሪማ ዱላ ይፈልጋል። እነሱ የሚጠቀሙት ራታን የሚባል የሐረግ ዓይነት ተክል ግንድ ነው፤ ቢመታ ክር ክር ይላል እንጂ ተሰብሮ አይፈናጠርም። የመጥረጊያ እንጨት ግን ስንጥሩ ዓይን ያጠፋል፣ አትሞክሩት። እኛ የመብራት ሽቦ የሚገባበትን የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጠን ስፖንጅ ጠቀለልንበት፣ በስኮች አሰርነው። በሁለት ዱላ የሚሠራውን ሲናዋሊ ነው የያዝነው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ቀስ ብሎ ሲሠራ የልጅ ጨዋታ ነው። ሲፈጥን አንዱ ጣቱን ይዞ ይዘላል።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጠንቀቁ። ፕሮግራሞቹ ታሪክ ሲያወሩ አፈ ታሪኩንም እውነቱንም በአንድ ድምፅ ነው የሚያወሩት። የቴኳንዶ ነገር ሲነሳ የሁለት ሺህ ዓመት ጥንታዊ ጥበብ ነው ይባላል። ስሙ የወጣው በ1955 ነው። ስሙን ያወጡት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂም ጃፓን ሳሉ ካራቴ ተምረዋል። ጁዶን ጂጎሮ ካኖ የመሠረተው በ1882 ነው። ፓንክራሽን፣ የጥንት ግሪኮች ቡጢና ትግል የተቀላቀለበት ፍልሚያ፣ በጥንቱ ኦሊምፒክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ648 ገብቷል፤ ዛሬ የምናየው ግን እንደገና የተሠራ ነው። «ጥንታዊ» ሲባል እኔ ፖዝ አድርጌ ዓመቱን እፈልጋለሁ። ልጆቹ ይሰላቻሉ፤ ይሁን።

የሚቆጨኝም አለ። «ፋይት ኩዌስት» ከቻይና እስከ ሜክሲኮ ሲዞር አፍሪካን አልረገጠም። የሱርማ ወጣቶችን ዶንጋ በአራቱ ጥያቄዎች ብናየው ስንት ትምህርት ነበረው! ረጅም ዱላ ነው፣ ከታች በሁለት እጅ ይያዛል፣ ብዙዎቹ ራቁታቸውን ይገጥማሉ። ዳኛ አለው፤ መግደልም ክልክል ነው። ያን ያህል ከባድ ዱላ በዚያ ሕግ እንዴት እንደሚመዘን የሚያሳይ፣ ከቀለሙና ከጭፈራው አልፎ እጅና እግራቸውን ተከትሎ የሚቀርጽ ሰው ቢገኝ ቅዳሜዬን በሙሉ እሰጠው ነበር።

መጀመር ለሚፈልግ፣ ካገኛችሁት የቢቢሲን የ1983 «ዘ ዌይ ኦፍ ዘ ዋሪየር» አስቀድሙ። አቅራቢ እየገባ አይደባደብም፤ ካሜራው መምህራኑን ታግሶ ያያል። የጃፓኑን ካቶሪ ሺንቶ ሪዩ የሰይፍ ትምህርት ቤት በሱ ነው ማየት። ከዚያ ኪዮኩሺንና ሳቫትን አከታትላችሁ እዩ፤ የሕጋቸው ልዩነት ወዲያው ይታያል።

እኛ አሁን ጁዶና ሳምቦ ላይ ነን። ዶቦካችን (የቴኳንዶ ልብሳችን) ስስ ስለሆነ ለመጨበጥ አይሆንም፣ አንዴ ሲሳብ ይተረተራል። ከሰልባጅ ወፍራም የጂንስ ጃኬት ገዝተን ከላይ ደርበንበታል፤ ግሩም ነው። ቁልፎቹን ግን መጀመሪያ ንቀሏቸው፤ ፊት ይቧጭራሉ።