ዳክ ከመግዛታችሁ በፊት የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ እዩት

ዳክ (DAC) ማለት በቁጥር የተቀመጠውን ድምፅ አምፕሊፋየር ወደሚቀበለው ሞገድ የሚቀይር ዕቃ ነው። ስልኩም፣ ላፕቶፑም፣ የዲሽ ሪሲቨሩም ውስጣቸው አላቸው። ለብቻው የሚገዛው ያለው ሲያስቸግር ነው፦ አዲሱ ቴሌቪዥን የኤርፎን ቀዳዳ ከሌለው፣ ስልኩ ጃክ ከሌለው፣ ወይም ላፕቶፑ ስፒከር ላይ ሲሰካ «ሽሽሽ» ካለ። ከነዚህ አንዱም ከሌለባችሁ ብሩን ለስፒከር አስቀምጡት፤ ለውጡ የሚሰማው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በቴሌቪዥኑ ነው። ቀይና ነጭ ቀዳዳ ያለው ደህና የድሮ አምፕሊፋየር ቤት ውስጥ አለ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቀጭን ቴሌቪዥን ግን ኦፕቲካል፣ ማለትም ድምፁን በብርሃን የሚልክ፣ መውጫ ብቻ ነው ያለው። ለዚህ የምትበቃው መዳፍ የማትሞላ ሳጥን ናት። በአንድ በኩል ኦፕቲካልና ኮአክሲያል (ያንኑ ዲጂታል ድምፅ በሽቦ የሚያመጣ) ትቀበላለች፣ በሌላው በኩል በቀይና ነጭ ታወጣለች፣ በ5 ቮልት ትሠራለች። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ስም የላቸውም፤ ስም ያለው ለሚፈልግ ፊዮ ዲ03ኬ አለ።

ተሰክታ ድምፅ እምቢ ስትል ወዲያው «ተበላሽታለች» ብላችሁ አትመልሷት። መጀመሪያ የኦፕቲካል ኬብሉን ሁለት ጫፍ እዩ። ሲሸጥ ጫፎቹ ላይ ብርሃን አሳላፊ የሆነች ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ አለች፤ የኬብሉ አካል ስለምትመስል ሳትወልቅ ትቀራለች። አውልቃችሁ አንዱን ጫፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ስትሰኩ በሌላው ጫፍ ቀይ ብርሃን መታየት አለበት። ብርሃኑ ካለና ድምፅ ከሌለ፣ ወይም እንደ ዝናብ የሚንጫጫ ነገር ከመጣ፣ ችግሩ ሴቲንግ ነው፦ ቴሌቪዥኑ ዶልቢ የሚባለውን የተጨመቀ ድምፅ እየላከ ነው፣ ሳጥኗ ደግሞ ዶልቢ አትፈታም። የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዲጂታል መውጫውን ከ«አውቶ» ወይም ከ«ቢትስትሪም» ወደ «ፒሲኤም» (PCM፣ ያልተጨመቀ ድምፅ) ቀይሩት። ይቺን አንድ ነገር ባለማወቅ ስንቱ ሳጥን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል!

ድምፁ ከመጣ በኋላ በሪሞት አልቀንስ ቢላችሁ አትደንግጡ። በኦፕቲካል የሚወጣው ድምፅ ባብዛኛው ሪሞቱን አይሰማም፤ መጨመርና መቀነሱ በአምፕሊፋየሩ ቁልፍ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ደግሞ «ፎኖ» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ እንዳትሰኩት። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ነው፣ የዳኩን ድምፅ ቀዶ ያወጣዋል። «ኦግዚላሪ» ወይም «ሲዲ» የሚለውን ተጠቀሙ።

ወደ ስልክ ስንመጣ፣ ገበያ ላይ የሚሸጠው ከታይፕ ሲ ወደ ጃክ መቀየሪያ ሁሉ ዳክ አይደለም። አንዳንዱ ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው፤ የሚሠራውም በታይፕ ሲ ቀዳዳው ድምፅ ለሚያወጡ ጥቂት ስልኮች ነው። መርካቶ ሆነ ፒያሳ፣ ታይፕ ሲ ያለው ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና «ወንድም፣ ከመክፈሌ በፊት ልሰካው» በሉ። ላፕቶፑ የድምፅ መውጫ ዝርዝር ላይ አዲስ ስም ከመጣ ዳክ አለው፣ ካልመጣ ሽቦ ነው። «7.1» የተጻፈባቸው ርካሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርዶችም ጽሑፉ አያታልላችሁ፤ የድምፅ መውጫቸው አንድ የስቴሪዮ ጃክ ነው፣ 7.1 ከየት ይመጣል?

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ የአፕሉን ከታይፕ ሲ ወደ ጃክ መቀየሪያ አስመጡ። አሜሪካ 9 ዶላር ነው የሚሸጠው፣ ለዋጋውም እጅግ ንጹሕ ነው። ሁለት ነገር ግን እወቁ። የአሜሪካው እስከ 1 ቮልት ሲያወጣ የአውሮፓው በግማሽ የተገደበ ነው። አንድሮይድ ላይ ሲሰካ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፁ ያንሳል፤ ላፕቶፕ ላይ ይህ ችግር የለበትም።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ በበገና አትሞክሩ። ከጅማቱ ሥር የሚገባው ቆዳ፣ እንዚራው፣ ድምፁን ሆን ብሎ ያስነዝረዋል፤ ብልሽት ይሁን በገናው አትለዩትም። ዋሽንት ይሻላል። ፋታ ሲወስድ የሚቀረውን ዝምታ አድምጡ፤ ሽሽታ ካለ እዚያ ጋ ይጋለጣል።

ካርቶኑ ላይ ስላለው 32 ቢትና 384 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ድምፁ በቁጥር ሲቀመጥ ምን ያህል በዝርዝር እንደሚለካ ስለሚናገሩት ቁጥሮች፣ ብዙ አልልም። ሲዲ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ነው፣ ዩቲዩብ ደግሞ የተጨመቀ ድምፅ ነው የሚልከው። 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ለቤት ከበቂ በላይ ነው።

ዳክ ተገዝቶም የማይለቅ ችግር አለ፦ ከስፒከሩ የሚመጣው «ኡምምም»። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ንቀሉት። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የዳኩ አይደለም፤ በኬብሉ በኩል ሁለቱ ዕቃዎች ግራውንድ ለግራውንድ ተያይዘው የመስመሩ 50 ኸርዝ እየገባ ነው። የአሮጌ ቤት ሶኬት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) ከሌለው ይብሳል፤ ላፕቶፑን ስትነኩ ነዘር የሚያደርጋችሁም ያው ነው። ሁሉንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ኦፕቲካል ካለ እሱን ተጠቀሙ፣ ብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። ሳጥኗን ግን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ አታብሯት፣ የሸሻችሁትን ግራውንድ በዚያ በኩል መልሳችሁ ታያይዙታላችሁ፤ የስልክ ቻርጀር ይበቃታል። የኧርዙን እግር መቁረጥ ኡምታውን ሊያጠፋው ይችላል፣ ግን ሰውም ሊገድል ይችላል፤ አትሞክሩት። ኦፕቲካል ከሌለ በዳኩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚገባ፣ ውስጡ ትናንሽ ትራንስፎርመሮች ያሉት ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር አለ። ርካሹ ቤዙን ትንሽ ይቀንሰዋል።