የእህቴ ልጅ ዘጋችኝ

ዛሬ እረፍቴ ነው ብዬ ልተኛ ስል የእህቴ ልጅ ስለ ቢቲኤስ፣ ሰባት ልጆች ስላሉበት የኮሪያ የዘፈን ቡድን፣ ስታወራልኝ ዋለች። መጀመሪያ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ነበር፣ በኋላ ግን እኔው ስለ ኩባንያቸው ሳነብ አመሸሁላችሁ።

ድሮ ቢግ ሂት ነበር የሚባለው። ባንግ ሺ ህዩክ የሚባል የዘፈን ደራሲ በ2005 ሶል ውስጥ ያቋቋመው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ትንሽ ቤት ነበር። ሰባቱ ልጆች በ2013 ሲጀምሩ ገበያው በሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ስለነበር ልምምዳቸውንም ቀልዳቸውንም ኢንተርኔት ላይ እየለቀቁ አድናቂ ሰበሰቡ። በ2020 ኩባንያው አክሲዮን ገበያ ሲገባ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 135,000 የኮሪያ ዎን! ሰውየው ከዚያ በፊት ለሰባቱም ለእያንዳንዳቸው 68,385 አክሲዮን ሰጥቷቸው ነበር። እስቲ አስቡት፣ የትኛው አለቃ ነው እንዲህ የሚያደርገው? ኩባንያው በ2021 ስሙን ሃይብ ብሎ ቀየረና የጀስቲን ቢበርን ማናጀር ኩባንያ በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ።

በ2022 ልጆቹ ለየብቻችን እንሥራ ሲሉ ግን አክሲዮኑ በአንድ ቀን ሩብ ያህል ወረደ። «አየሽ፣ ሰባት ልጅ ላይ የቆመ ቤት» አልኳት።

«ለዛ አይደል እንዴ ሌሎች ቡድኖች የያዘው» ብላኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ገና 13 ዓመቷ ነው።