የትሉ ዘረመል ሲለያይ ክትባቱ ምን ይሆናል?

በበግ የተሳካ የኮሶ ትል ክትባት በግመል ወይም በከብት ላይም ያው ውጤት ይኖረዋል ብሎ መነሳት አያዋጣም። የእንስሳው ዓይነት መለየቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ትሉም ራሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ኤኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ የምንለው፣ በውሻ አንጀት የሚኖረውና በእንስሳት ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚያበቅለው ትንሽ የኮሶ ትል፣ አንድ ወጥ ፍጥረት አይደለም። በበግ በብዛት የሚገኘው ጂ1፣ የከብቱ ጂ5፣ የግመሉ ጂ6 እና የአሳማው ጂ7 የሚባሉት ጂኖታይፖች (የዘረመል ዓይነቶች) ይለያያሉ፤ ጂ5 ዛሬ ኤኪኖኮከስ ኦርትሌፒ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኗል።

በ1996 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኢጂ95 ክትባት የተሠራው ከጂ1 ነው። 50 ማይክሮግራም ፕሮቲን ከ1 ሚሊግራም ኩዊል ኤ (የሰውነትን የመከላከል ምላሽ ከሚያጎላ ተጨማሪ) ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ በመጀመሪያዎቹ የበግ ሙከራዎች መከላከያው ከ96 እስከ 98 በመቶ ደርሷል። ፀረ እንግዳ አካሉ የሚያጠቃው ከእንቁላሉ ወጥቶ አንጀት የሚበሳውን እጭ ነው። ከረጢቱ አንዴ ከተቋጠረ በኋላ ክትባቱ አያጠፋውም።

ልብ ሊባል የሚገባው የፕሮቲኑ አጣጣፍ ነው። ከኢጂ95 ተቆራርጠው የተሠሩ አጫጭር ቁራጮች በበግ ደም ፀረ እንግዳ አካል አስገኝተዋል፣ በጎቹን ግን ከትሉ አላዳኑም። ስለዚህ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ቢቀየሩና የፕሮቲኑን ቅርጽ ቢለውጡ ውጤቱ ሊበላሽ ይችላል። የጂ6 ኢጂ95 ደግሞ ከጂ1 በበርካታ አሚኖ አሲዶች ይለያል። የበጉን መቶኛ ወስዶ ለግመል ቃል መግባት ተገቢ አይደለም፤ ሙከራው በጂ6 እንቁላል መደረግ አለበት።

የአሳማው የኮሶ ትል ቴኒያ ሶሊየም ሌላ ነገር ያሳየናል። በማይቶኮንድሪያ (በሴል ውስጥ የራሱ ዲኤንኤ ባለው ክፍል) ዘረመል ሲታይ የእስያው ወገን ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካው ይለያል። በዚህ ትል ላይ የተሠራው ክትባት ፕሮቲን ቲሶል18 ግን በተለያዩ አህጉራት በተወሰዱ ናሙናዎች ብዙም አልተለወጠም። የሚመረመረው ክትባቱ የተሠራበት ጂን ራሱ መሆን አለበት የምንለው ለዚህ ነው። ኮክስ1 የተባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ጂኖታይፑን ይነግረናል፣ ስለ ክትባቱ ዒላማ ግን ምንም አይነግረንም።

ናሙና ሲወሰድ አንድ ከረጢት በአንድ ቱቦ ይሁን። አንድ እንስሳ ሁለት ጂኖታይፕ ሊይዝ ስለሚችል የተቀላቀለ ናሙና ያልነበረ ዲቃላ ያሳያል። የሚፈለገው የውስጠኛው ስስ ሽፋን ወይም በፈሳሹ ግርጌ የሚዘቅጠው አሸዋ መሰል ነገር ነው። የውጪው ወፍራም ግድግዳ የእንስሳው ሥጋ በመሆኑ የሚወጣው ዲኤንኤ የበጉ ይሆናል። ከ70 በመቶ በላይ በሆነ ኢታኖል ይቀመጥ፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ይሰባብራል። የደነደነና ኖራ የመሰለ ከረጢት ብዙ ጊዜ አይሠራም። የተረፈው አካል ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር፣ ውሻ ፈጽሞ እንዳያገኘው።

ኢጂ95 በትሉ ውስጥ ብዙ ተመሳሳይ ቅጂዎች አሉት። በፒሲአር (ዲኤንኤን በሚያባዛ ዘዴ) የተገኘው ውጤት በቀጥታ ሲነበብ በንባቡ ግራፍ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ጫፎች ተደራርበው ይታያሉ። ይህን እንደ ሚውቴሽን መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው፤ ውጤቱን ክሎን አድርጎ (እያንዳንዱን ቅጂ ለይቶ አባዝቶ) ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ያስፈልጋል።

የተከተበ በግ ከረጢት ይዞ ቢገኝም ወዲያው ዘረመሉን አንክሰስ። ከክትባቱ በፊት ተይዞ ነበር? ሁለተኛው መርፌ ተሰጥቷል? ማጠናከሪያውስ በዓመቱ ደርሶታል? ክትባቱ በማጓጓዝ ላይ ሞቆ ወይም በረዶ ሆኖ ነበር? የእንስሳው ዕድሜና የክትባቱ ቀናት ከቱቦው ጋር አብረው ካልተጻፉ፣ የተነበበው ጂን የቱንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን፣ የመከላከያውን መውደቅ ከአሮጌ ከረጢት መለየት አይቻልም።