ገጽ 74

በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት በየወሩ መጀመሪያ ላይ አዲስ የገቡ ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶችን ከመግቢያው ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ እንደረድራለን፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር የተጻፈበትና ግማሹ ወደ ውጭ የሚታይ ትንሽ ካርድ እንሰካለን። ካርዶቹን የምጽፈው እኔ ነኝ። በዚያ ወር የገቡት አሥራ አራት ነበሩ፤ እስከ መጨረሻው ያነበብሁት ግን አምስቱን ብቻ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድብኝም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ በቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲያነብ የሚውል ይመስለዋል። ለቀሩት ዘጠኙ የጻፍሁላቸው የጀርባ ሽፋናቸውን አይቼና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ምዕራፎች ቀምሼ ነበር። ለአንደኛው «በአንዲት ትንሽ መንደር ሦስት ሰዎች ተከታትለው ይጠፋሉ። ፍጻሜው ፈጽሞ ያልተጠበቀ ነው» የሚል ካርድ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የራሴ ነው፤ ሁለተኛውን የቀዳሁት አሳታሚው በጀርባ ሽፋኑ ላይ ካተመው ነው።

መጽሐፉን የወሰዱት የ72 ዓመት ዕድሜ ያላቸውና በሳምንት ሁለት ልቦለድ የሚጨርሱ የረጅም ጊዜ አንባቢያችን ነበሩ። አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል የታወቀች ምክር አለቻት፦ አንባቢ አንድን መጽሐፍ እስከ ገጽ 50 ሞክሮ ካልጣመው ይተወው፤ ዕድሜው ከ50 ካለፈ ደግሞ ዕድሜውን ከ100 ቀንሶ የሚያገኘውን ያህል ገጽ ብቻ ይታገሥ። በዚህ ስሌት እኚህ ሴት ከገጽ 28 በኋላ መጽሐፉን ቢዘጉት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እርሳቸው ግን የጀመሩትን ሳይጨርሱ የሚመልሱ ሰው አይደሉም፤ መዘዙ ለእኔ ተረፈ እንጂ።

በአራተኛው ቀን መጡና ካርዱን ከመጽሐፉ አውጥተው፣ ገልብጠው፣ ፊቴ አኖሩት። በጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ጥርት ባለ ጽሕፈት፣ 74 የሚል ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል። እኔም የመደርደሪያ ቁጥር የጠፋባቸው መስሎኝ ምን ልፈልግልዎት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም አትፈልግልኝ፤ ገዳዩን ያወቅሁበት ገጽ ነው» አሉኝ።

«እንዴት አወቁት?»

«አንተ ነገርኸኝ። ፍጻሜው ያልተጠበቀ ነው ብለህ ጽፈህ የለም? እኔም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ማንም የማይጠብቀውን ሰው መፈለግ ያዝሁ። እስከ ገጽ 74 ድረስ የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር ይደብቃል፤ ፖስተኛው ብቻ ደብዳቤውን አድርሶ፣ ደኅና ዋሉ ብሎ ይሄዳል። እሱ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። የቀረውን ሦስት መቶ ገጽ ያነበብሁት እንዳልሳሳት ብቻ ነው።»

ፖስተኛው መሆኑን እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አንባቢ እንዳይበላሽበት ፍጻሜውን የምደብቀው ሰውዬ፣ ሳላነበው ባወደስሁት መጽሐፍ ፍጻሜውን ከአንባቢዬ ሰማሁ። ግን አልጨረሱም ነበር። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አደረጉና «ለመሆኑ አንተ በስንተኛው ገጽ ላይ አወቅኸው፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እኔማ እስከ መጨረሻው አላወቅሁም» አልሁ።

ቃል በቃል ሲታይ እውነት ነው፤ አንድም ስሕተት አይገኝበትም። እርሳቸውም «እሱስ ደግ ነው፤ አንተ እንኳ ተደሰትህበት» ብለው መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ይህችን «ተደሰትህበት» የምትል ቃላቸውን ለስንት ቀን ስመላልሳት እንደሰነበትሁ እኔ አውቃለሁ።

ነገሩን ለክፍል ኃላፊያችን ሳነሣ፣ «ፍጻሜው ያልተጠበቀ ነው» የሚል ካርድ ያለባቸው መጻሕፍት ከሌሎቹ ቀድመው ከጠረጴዛው ላይ እንደሚነሡ አስታወሱኝ፤ በዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም። ቀጥለውም እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ጥናት ጠቀሱልኝ፤ አንባቢዎች ፍጻሜው አስቀድሞ የተነገራቸውን ታሪክ ይበልጥ ወደዱት የሚለውን። ጥናቱን እኔም አውቀዋለሁ። የተነበቡት በአንድ መቀመጫ የሚያልቁ አጫጭር ልቦለዶች ነበሩ፤ ለአንባቢዎቹም የተነገራቸው ፍጻሜው ራሱ ነው እንጂ «የሚያስደንቅ ፍጻሜ አለ» የሚል ማባበያ አይደለም። ይህንን ለማስረዳት ስሞክር ኃላፊያችን ሰዓታቸውን አዩ። ጥናት የሚጠቅስ ሰው ስለ ጥናቱ ሲነገረው የሚቸኩለው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ ልል የፈለግሁት የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ቀድሞ ያለውን ነበር። ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን ያንኑ ተራ ወሬ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ተጨንቆ ይከታተለዋል። ስሙ ራሱ ልብ አንጠልጣይ ነው፤ ልብ ደግሞ የሚንጠለጠለው አንድ ነገር ይዞ ሲጠብቅ ነው። እኛ በካርዶቻችን የምንሸጠው የመጨረሻዋን የአሥራ አምስት ሰከንድ ድንጋጤ ነው፤ እሷንም ቢሆን አስቀድመን አስጠንቅቀን እናባክናታለን።

በሚቀጥለው ወር ስለ ፍጻሜ አንዲት ቃል ላለመጻፍ ወሰንሁ፤ ቢያንስ አንዱንም በሁለት ሌሊት እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብሁት። ካርዱ «አንድ ሰው በመጀመሪያው ምዕራፍ በነፍስ ግድያ ተከሶ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እርሱን ለማስፈታት የሚደረግ ትግል ነው» ይላል። መጽሐፉ ያለ ወሳጅ አሥራ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ከረመ። ኃላፊያችን በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ካርዱን ያዩታል፣ እኔን ያዩኛል፣ ምንም አይናገሩም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኚያው ሴት መጡ፤ ካርዱን አነበቡ፣ ገልብጠው ጀርባውንም አዩ፣ ከዚያም «ስለ ፍጻሜው ምንም አላልህም» አሉኝ።

«አልልም» አልኋቸው።

«እህ!» አሉና መጽሐፉን ብብታቸው ሥር ከተው ወጡ።

በሁለተኛው ቀን ተመለሱ። የካርዱ ጀርባ ባዶ ነው።

«እርሳሴን ይዤ ነበር የተቀመጥሁት» አሉ። «ጠበቃዋን ጠረጠርሁ፤ ወንድሙን ጠረጠርሁ፤ ሾርባ ይዛ የምትመጣዋን ምስኪን ጎረቤት ሳይቀር ጠረጠርሁ። ለካስ የገደለው እሱ ራሱ ኖሯል! ከመጀመሪያው ቀን የታሰረው ሰውዬ!»

«እኔ ምንም አልነገርሁዎትም» አልሁ።

«እኮ! ያሳሳተኝ እሱ አይደለም እንዴ?» ብለው ሳቁ፤ የዚያ ደራሲ ሌላ መጽሐፍ ካለም ተራ እንድይዝላቸው አዘዙኝ። ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉና «አንተስ በስንተኛው ገጽ ላይ አወቅኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በዚህኛው መጽሐፍ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። ፖሊስ ያዘው ሲባል አምኜ ነበር፤ ስለዚህ «በመጀመሪያው ምዕራፍ» ብዬ መለስሁ።

እንዳላመኑኝ ከዓይናቸው ታወቀኝ።