ሸክላ መሰብሰብ ያቆምኩበት ክረምት

ከፋሲካ ወዲህ የዘፈን ሸክላ አላጫወትኩም። አሁን ነሐሴ ተጋምሷል። ቀድሞ ቢሆን ክረምት የእኔ ወቅት ነበር፤ ከጣና በኩል የመጣው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሌላው ሰው ጋቢውን ይደርባል፣ እኔ ሳጥኖቼን እከፍታለሁ። ዘንድሮም ከፍቻቸዋለሁ፤ የከፈትኳቸው ግን ሻጋታ እንዳልገባቸው ለማየት ነው። አየሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ ዘጋሁ። አንዱንም አውጥቼ ለመስማት አላሰኘኝም።

ሰው «ሸክላዎቹስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አሉ» እላለሁ። እነሱስ አሉ፤ የሌለው ጉጉቴ ነው። ለምን እንደሄደ ለራሴ አብራርቼ መጻፍ ፈለግሁ። ይህን ያህል ዘመን አብሮኝ የኖረ ነገር ያለ አንዳች ቃል ከቤቴ ሲወጣ ዝም ብዬ ማየት ይከብደኛል።

ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ቤቱን፣ ገንዘቡንና ቅዳሜውን ለሸክላ ያስረክባል። የሳሎናችን አንዱ ግድግዳ ከተጋባን ጀምሮ ምንም አልተሰቀለበትም፤ የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው እሱ ብቻ ስለሆነ መደርደሪያው የቆመው እዚያ ነው። ሸክላ ተጋድሞ ከተደራረበ ይጣመማል፣ ስለዚህ ሁሉም እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የታችኛው ረድፍ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ያለ ነው፤ ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ እርጥበቱ በሲሚንቶ ውስጥ ሳይቀር ይወጣል። የባሕር ዳር ሙቀት ሸክላውን አይጎዳውም። የሚበላሸው ሽፋኑ ነው፤ ካርቶኑ በሐምሌ ነጭ ነጥብ ነጥብ ያወጣና በመስከረም ቡናማ ይሆናል። ለማጠቢያ የምጠቀመው ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ሲደርቅ ነጭ ዝቃጭ ትቶ ይሄዳል። መሐሉ ላይ ያለችው ክብ ወረቀት እንዳትርስ በሁለት እጅ ጠርዙን ይዞ ማጠብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ያ ትዕግሥት ነበረኝ፤ ደስም ይለኝ ነበር።

ማጫወቻውም የራሱ ታሪክ አለው። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ስለሆነ 220 ቮልቱን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዛሁለት። ሠራ። ዘፈኑ ግን ልክ አልነበረም፤ ጥላሁን ገሠሠ በወፈረ ጉሮሮ እየጎተተ ይዘፍናል። ነገሩን የፈታልኝ ከአባይ ማዶ የሚሠራ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ፍጥነት የሚወሰነው በቮልቱ ሳይሆን በኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ነው፤ እዚያ 60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 50። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 37 ተኩል ጊዜ ብቻ ይዞራል። ቶርኖ ቤት ሄደን ቀበቶው የሚያርፍበትን ትንሽ መዘውር በአንድ አምስተኛ የሚሰፋ አዲስ አስወጣን። በዚያ ምሽት ጥላሁን በራሱ ድምፅ ሲዘፍን ጠጋኙና እኔ ተቃቅፈን ቆምን። እንዲህ ያለ ደስታ ሌላ የት ይገኛል?

የኢትዮጵያ ሸክላ ሰብሳቢን የሚይዝበት አንድ የተለየ ጠባይ አለው፤ ጥቂት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ያንን ክልከላ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች ሕንድ አገር አሳትሞ አስገባ። እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና ደርዘን የሚሆኑ አልበሞችን አወጣ። በመሐል ፊሊፕስ የተባለው የውጭ ኩባንያ ገባበት፣ ቀጥሎ አሊ ታንጎ የሚባሉት አሊ አብደላ ካይፋ መጡ። ከዚያ አብዮቱ፣ የሰዓት እላፊው፣ በመጨረሻም ካሴቱ። ካሴት ርካሽ ነው፣ እዚሁ ይባዛል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1978 በኋላ ሸክላው አበቃ። በዚያ ዐሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የወጣው ሁሉ ተደምሮ ወደ 500 የሚጠጋ ትንሹ ባለ 45 ዙር ሸክላና 30 ያህል አልበም ነው ይባላል።

500 ለሰብሳቢ ክፉ ቁጥር ነው። አንድ ሚሊዮን ቢሆን ሰው ገና ሲጀምር ተስፋ ይቆርጥና የወደደውን ብቻ ይይዛል። 500 ግን የሚሞላ ይመስላል። ደብተር ይገዛል፣ ዝርዝር ይጻፋል፣ ያልተገኘው ይሰመርበታል። ደብተሬን ዛሬ አገላበጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ከሸክላው ስም ይልቅ የሰው ነገር ይበዛል፤ ከማን ቤት እንደተገኘ፣ ማን እንደገዛው፣ ለምን እንዳስቀመጠው። የኋለኞቹ ገጾች ላይ ያለው ቁጥርና ዋጋ ነው። ይህን ልዩነት ሳይ ነው መጻፍ የጀመርኩት።

ሸክላ ባሕር ዳር እንዴት እንደመጣ ማወቅ የሚፈልግ የከተማዋን ዕድሜ ይመልከት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሶቪየቶች የረዱት ፖሊቴክኒክ በ1963 ተከፈቱ። በአንዴ ደመወዝተኛ ወጣት ከተማዋን ሞላት፤ ሸማኔ ያልነበሩ ሸማኔዎች፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ተማሪዎችና መምህራን። ያ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ደመወዙን ምን ላይ እንዳዋለ እኔ በየቤቱ አይቻለሁ። በቁም ሳጥን ላይ፣ በአልጋ ሥር፣ ከጋብቻ ፎቶ ጋር በአንድ ሻንጣ ውስጥ።

ቤት ለቤት ስሄድ የምገዛው ሸክላ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ቡና ይፈላል፤ ብዙ ጊዜ የዘጌ ቡና። ከዚያ ሸክላው ይወጣል፣ ባለቤቱ ግን ወዲያው አይሰጥም። ክብ ወረቀቷ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን ያስነብበኛል። ስም፣ ቀን፣ «ለማስታወሻ»፣ «ከእኅትህ»፣ አንዳንዱ ላይ ፊርማ ብቻ። ጡረታ የወጡ አንድ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ማጫወቻውን ከሌሊት ፈረቃ ጓደኞቻቸው ጋር አዋጥተው እንደገዙትና በየሳምንቱ በተራ ወደየቤታቸው ይወስዱት እንደነበር ነግረውኛል። ሸክላቸው አንድ ቦታ ላይ ይዘላል። «እሷ የገና ዕለት ናት፤ ሲጨፈር ጠረጴዛው ተገፋ» አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲያ ያንን ዝላይ ሳልጠብቀው ያለፍኩበት ጊዜ የለም።

ከሁሉም የማልረሳቸው ግን አንዲት እናት ናቸው። የብዙነሽ በቀለን ሸክላ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው በእህል ጎታ ላይ አስቀምጠውት ኖሯል። ማጫወቻቸው ከተበላሸ ልጆቻቸው ተወልደው አድገዋል። ዋጋ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ዋጋውን ተወው፤ አንድ ጊዜ አሰማኝና ውሰደው» አሉኝ። በማግሥቱ ማጫወቻዬን በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ሲሰሙት አላለቀሱም፣ አልሳቁምም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁለቱንም ፊት ሰሙና «ያኔ እንዲህ ፈጣን አይመስለኝም ነበር» አሉ። ፍጥነቱን ፈትሼዋለሁ፤ ልክ ነበር። የተናገሩት ስለ ማጫወቻው እንዳልሆነ የገባኝ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። እማማ አሁን በሕይወት የሉም።

አሁን ሸክላ የሚገኘው እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የአልበም ሥራ የእነ ማሕሙድ አሕመድን፣ የእነ ዓለማየሁን ዘመን ለዓለም አሰማ። ይህ መልካም ነው፤ ደስ ብሎኛል፣ አሁንም ደስ ይለኛል። ጆሮ ሲከተል ግን ገንዘብም ይከተላል። የመጀመሪያው ኅትመት በውጭ ምንዛሪ የሚፈለግ ዕቃ ሆነ። ነጋዴዎች ወደየክፍለ ሀገሩ ወጡ፤ ሰው ሲሞት አርባው ሳይወጣ ሻንጣው ይከፈታል። ለቤተሰቡም አልፈርድም፤ ለአንድ ወር የሚበቃ ገንዘብ በአንድ አሮጌ ሸክላ ሲመጣ ማን እምቢ ይላል? እኔ ዘንድ የሚደርሰው ፎቶና ዋጋ ብቻ ነው፤ በስልክ ይላካል፣ ገንዘቡ በስልክ ይሄዳል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣል። ቡና የለም። ሰው የለም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ለረጅም ጊዜ የፈለግሁት ሸክላ ከአዲስ አበባ መጣልኝ። በደብተሬ ላይ ደጋግሜ ካሰመርኩባቸው አንዱ ነው። ሳወጣው አንጸባረቀ፤ ጭረት የለበትም፣ ሽፋኑ አልተቀደደም። ወደ መብራት ሳዘነብለው ግን ክብ ወረቀቷ ላይ ከዘፋኙ ስም በታች የተፋቀ ቦታ አየሁ። አንድ ሰው በጥንቃቄ፣ ምናልባት በምላጭ፣ ጽሑፍ ፍቆ አንስቷል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ሰብሳቢ የተጻፈበት ሸክላ አይወድም፣ ጽሑፍ ዋጋ ያወርዳል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ተጭኖት ስለነበር የአንድ ፊደል ቅርጽ፣ «መ» ይመስለኛል፣ በጎን ሲታይ አሁንም አለ። የማን ስም ነበር? የመኮንን? የመሠረት? ወይስ «ለማስታወሻ» ከሚለው የቀረ?

አጫወትኩት። እጅግ ጥሩ ድምፅ ነው፤ አንዴም አልዘለለም፣ አልተንኮሻኮሸም። መርፌው መሐል ደርሶ ሲቆም ተነስቼ አልገለበጥኩትም። ሁለተኛውን ፊት እስከ ዛሬ አልሰማሁትም። በደብተሬ ላይ ግን ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ለፋሲካ እንግዶች አንዳንድ ነገር ካሰማሁ በኋላ ሌላ ሸክላ አላወጣሁም።

ብዙ ሰብሳቢ ጓደኞቼ ሸክላ የሚወዱት ለድምፁ እንደሆነ ይናገራሉ፤ የሸክላ ድምፅ ይሞቃል ይላሉ። በዚህ ተስማምተን አናውቅም። የእኛ የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ፊት አራት አምስት ደቂቃ የሚይዝ፣ በሺህ ጭፈራ ያለፈ ዕቃ ነው፤ ለንጹሕ ድምፅማ ተጠርጎ እንደገና የታተመው ይሻላል፣ ልጄ በስልኳ የምትሰማው ይሻላል። ሙዚቃውን አልጠገብኩም። ብዙነሽን ትናንትም ወጥ ቤት ውስጥ ከስልኩ ሰምቻለሁ፣ እስከ መጨረሻው። እኔን ከቤት ቤት ያስኬደኝ እዚያ ወረቀት ላይ የነበረው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ዝላዩን «የገና ዕለት» ብለው የሚያስረዱኝ ሰዎች ናቸው። እነሱ እያለፉ ነው። ያለፉትን በሌላ ሸክላ መተካት አልችልም፤ ዝርዝሩን ብሞላው 500ውም ቢሞላ የሚያስረዳኝ አላገኝም።

ባለቤቴ አብዛኛውን ሸጠን ጣሪያውን እንቀይር ትላለች። ሐሳቧ ተገቢ ነው፤ ያንን ግድግዳ ያለ ቅሬታ ለእኔ የተወች ሴት ናት፣ ጣሪያውም ያፈሳል። በነጋዴ እጅ የመጡትን፣ ታሪካቸውን የማላውቃቸውን፣ እንድትሸጥ ተስማምቻለሁ። የተፋቀውንም ጭምር። ከሰው ቤት የመጡትን ግን አልሸጥም አልኩ፤ በዚህ ላይ ገና አልተግባባንም፤ ዋጋ የሚያወጡትም አንዳንዶቹ እነሱ ናቸው።

እስከዚያው ግን ሌላ ሥራ ጀምሬያለሁ። ከደብተሩ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ያለውን በንጹሕ ወረቀት እየገለበጥኩ፣ የማስታውሰውን እየጨመርኩ፣ ለእያንዳንዱ ሸክላ አንድ ቅጠል ሽፋኑ ውስጥ እከታለሁ። የማን እንደነበር፣ የትኛው ሰፈር፣ የት ቦታ እንደሚዘልና ለምን። የባለቤቱ ልጆች ካሉና ከፈለጉት እመልስላቸዋለሁ። የእማማን የልጅ ልጅ አግኝቻታለሁ፤ መምህርት ናት፣ የአያቷን ሸክላ አንድም ቀን እንዳልሰማችው ነገረችኝ። እቤቷ ማጫወቻ ስለሌለ የእኔን ይዤ እሄዳለሁ ብያታለሁ። መርፌው ግን አልቋል፤ በዚህ መርፌ ያንን ሸክላ አልነካውም። የአጎቴ ልጅ ለእንቁጣጣሽ ስለሚመጣ ሁለት መርፌ እንዲይዝልኝ ዛሬ ጠዋት ጽፌለታለሁ፤ የሞዴሉን ቁጥር እንዳይሳሳት ፎቶውንም ልኬለታለሁ።