«ባስ ኤካ» እያሉ ወደ ጋል

ስሪ ላንካ፣ ኮሎምቦ፣ ፔታ አውቶቡስ ተራ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጋል! ጋል! ጋል!» ይላል። ገብቼ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። የአገሩን ቋንቋ ሲንሃላን ከሰላምታ በላይ አላውቅም። ጆሮዬ ግን የሚያውቃቸውን ቃላት ቶሎ ቶሎ ይለቅም ጀመር፦ «ባስ ኤካ»፣ «ቲኬት ኤካ»፣ «ፎን ኤካ»።

ይቺ «ኤካ» ምንድን ናት? አጠገቤ የተቀመጠውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠየቅኩት። «አያ» እያለ፣ ማለትም ታላቅ ወንድሜ እያለ፣ በደስታ አስረዳኝ። ኤካ «አንድ» ማለት ናት። ግዑዝ ነገር የሚጠራ የእንግሊዝኛ ስም ሲመጣ ከኋላው ትለጠፍበታለች። በቃ፣ ሲንሃላ ሆነ። ሲበዛ ደግሞ ኤካ ትወርዳለች። አንዱ አውቶቡስ «ባስ ኤካ» ነው፣ አውቶቡሶቹ ግን «ባስ» ብቻ። እንግሊዝኛ ለማብዛት ይጨምራል፣ ሲንሃላ ይቀንሳል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቃሉ የሰው ነው፣ ሕጉ ግን የራሳቸው። ለግሱም «ካራናዋ»፣ ማለትም ማድረግ፣ አለላቸው። ስልክ መደወል «ኮል ካራናዋ» ነው። እኛስ «ሴቭ አደረግኩት» እንል የለ?

ጋል ላይ አብረን ወረድንና ምሽጉን ዞርነው። ፖርቱጋሎች ጀመሩት፣ ደቾች (ሆላንዶች) በ1640 እ.ኤ.አ. ቀምተው አስፋፉት፣ በ1796 እንግሊዞች ተረከቡት። ቋንቋውም እንደዚያው ተደራርቧል። ዳቦ «ፓን»፣ ጠረጴዛ «ሜሰያ»፣ መስኮት «ጃኔለያ»፤ ሦስቱም ከፖርቱጋል የመጡ ናቸው። ቢሮ «ካንቶሩዋ» ከደች ነው። ከእነዚህ ከቆዩት አብዛኞቹ የሲንሃላ ስም መጨረሻ ይዘው ቤተኛ ሆነዋል። ኤካን በብዛት የምታገኟት ኋላ ከመጣው እንግሊዝኛ ጋር ነው።

ይህ ሁሉ ብድር ያልተዋጠላቸውም ነበሩ። የቋንቋ ሊቁ ሙኒዳሳ ኩማራቱንጋ በ1941 እ.ኤ.አ. «ሄላ ሃውላ» የተባለውን ማኅበር መሥርቶ፣ ሲንሃላ ከሳንስክሪት ሳይቀር ይጽዳ ብሎ ታግሏል። በወግ ሲጻፍ ባቡር «ዱምሪያ» ነው፤ ጭስና ተሽከርካሪ ከሚሉ ቃላት የተሠራ። አፍ ላይ ግን «ኮቺያ» ይሉታል። ቴሌቪዥንም በወጉ «ሩፓዋሂኒያ» ነው፣ ሳሎን ውስጥ «ቲቪ ኤካ»። እኔ ሁለቱንም ወደድኳቸው።

የከበደኝ «ካዱዋ» ነው። ሰይፍ ማለት ነው። ተማሪዎች እንግሊዝኛን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው፤ የማይችለውን ይቆርጠዋልና። በ1956 እ.ኤ.አ. ሲንሃላ ብቸኛው የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ሕግ ወጣ። ደህና ደመወዝ ያለው ሥራ ግን ዛሬም እንግሊዝኛ ይጠይቃል። «ባስ ኤካ» ለማለት ማንም አይቸገርም። ቃለ መጠይቅ ላይ ቁጭ ብሎ በእንግሊዝኛ መመለስ ሌላ ነገር ነው። አብሮኝ የመጣው ተማሪ ገጠር ነው የተማረው። ሂሳብ ላይ ጎበዝ እንደሆነ ነገረኝ። ዘንድሮ ይመረቃል፣ ማታ ማታ ደግሞ ከፍሎ እንግሊዝኛ ይማራል።